ከአውሮፕላን መስኮት የማይታየው የላሊበላ መንገድ

የፈተና ወረቀት ሲታረም፣ የተመራቂ ተማሪዎች ጥናት ሲነበብ ጊዜው ነጉዶ ከዚህ ገጽ ከሁለት ወር በላይ ርቄ ቆይቻለሁ። «የት ጠፋህ?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምመለሰው በፖለቲካ ትንተና ሳይሆን በጉዞ ዕቅድ ነው። በአገራችን የጉዞ ዕቅድ ከፖለቲካ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቢሮዬ ብቅ ብሎ፣ «አንተ የዚያ አገር ሰው ነህ፤ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ላሊበላን አራት ቀን አይቼ የምመለስበት አንድ ዕቅድ ጻፍልኝ» አለኝ። እሺ ብዬ መሳቢያዬን ሳብኩና አንድ ያረጀ ደብተር አወጣሁ። ዕቅዱን አዲስ መጻፍ አላስፈለገኝም። በዚያ ደብተር ውስጥ ይኸው ጉዞ ሦስት ጊዜ ታቅዷል፤ ሦስት ጊዜም ተሰርዟል።

የተወለድሁት ጋዝጊብላ ነው። ከሰቆጣ በስተደቡብ፣ ከላሊበላ በስተሰሜን የሚገኝ የዋግ ኽምራ ወረዳ ሲሆን ከተማው አስከተማ ይባላል። በአዲስ አበባ ይህን ስም ስናገር እንድደግመው ያልተጠየቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ከብዙ ዓመት መድገም በኋላ ሰለቸኝና «ላሊበላ አካባቢ» ማለት ጀመርሁ። ሰውም ወዲያው ፊቱ ይፈካል፤ «አቤት! የታሪክ አገር!» ይላል፤ ወሬው ወደ ሌላ ያልፋል። ይህች ትንሽ ማታለል ለሃያ ዓመታት ስትጠቅመኝ ኖራ አንድ ቀን ማታ የአሥራ አራት ዓመት ልጄ የታሪክ መማሪያዋን ይዛ መጣችና፣ «አባዬ፣ የአንተ አገር ላሊበላ አካባቢ ከሆነ ለምን ስሙ እዚህ ላይ የለም?» ስትል ጠየቀችኝ። መጽሐፉን ተቀብዬ አገላበጥሁት። ዛጉዌ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ሮሐ አለች፤ አሥራ አንዱ ቤተ ክርስቲያናት አሉ። ዋግ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ።

መጀመሪያ ስለ ዕቅዶቹ ልናገር። የመጀመሪያው ለ2012 ዓ.ም. ፋሲካ የተጻፈ ሲሆን ማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው የሚያወጣው ዓይነት ዕቅድ ነው። ጠዋት ከቦሌ መነሣት፣ ከአንድ ሰዓት በረራ በኋላ ላሊበላ መውረድ፣ ሁለት ቀን ቤተ ክርስቲያናቱን ማየት፣ አንድ ቀን ይምርሐነ ክርስቶስ ደርሶ መመለስ። በመጋቢት 2012 በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ዕቅዱም አብሮ ተዘጋ። ሁለተኛውን የጻፍሁት በ2013 ዓ.ም. የካቲት፣ ጦርነቱ ያበቃ መስሎን በነበረበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ ጉዞውን ለነሐሴ 16፣ ለሻደይ በዓል አደረግሁት። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ ዋግም ተከተለች። የአጎቴ ስልክ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ አልሠራም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም ሦስተኛውን ዕቅድ ጻፍሁ፤ አሁንም ለሻደይ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሐምሌ ማብቂያ ላይ የጉዞ ዕቅድ መያዝ ለእኔ የማይስማማ ነገር መሆኑን ያን ዕለት ተረዳሁ።

ታዲያ ደብተሩን ለባልደረባዬ ሳሳየው ያስገረመው ስረዛው ሳይሆን ሦስተኛው ዕቅድ ነበር። አውሮፕላን የለበትም። ከላሊበላ ወደ ሰሜን በቢልባላ አድርጎ ጋዝጊብላን አቋርጦ ሰቆጣ ይገባል። «ሰቆጣ ምን አለ?» አለኝ። ትንሽ አሰብ አደረገና «የሕፃናት መቀንጨር ቃል ኪዳኑ?» ብሎ ጨመረበት።

ልክ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ዶክተር ተብሎ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ስለ ሰቆጣ የሚያውቀው አንድ ነገር ረኀብ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ «ላሊበላ አካባቢ» እያልሁ አግዤዋለሁ።

ወደ አውሮፕላኑ ልመለስ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ነውና። ዛሬ «ታሪካዊው መስመር» የምንለው ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱምና ላሊበላ የሚሉት የጉብኝት ሰንሰለት ቅርጹን የያዘው ዘመናዊው ቱሪዝም በተቋቋመበት በ1950ዎቹ ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉትና «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ»ን ለዓለም ያስተዋወቁት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በዘመኑ በነበረው መንገድና በነበረው አቅም ታላቅ ሥራ ሠርተዋል። ተራራና ገደል በበዛበት አገር እንግዳን ከከተማ ወደ ከተማ በአየር ማመላለስ ብልኅነት ነበር። ውጤቱ ግን እነዚያን ከተሞች ደሴት አደረጋቸው። ጎብኚው አክሱም ላይ ሐውልቶቹን አይቶ ይሳፈራል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ላሊበላ ይወርዳል፤ በመካከል ያለውን ግን ከደመና ጋር ያልፈዋል። ካርታ ዘርግታችሁ ከአክሱም ወደ ላሊበላ በማስመሪያ መስመር ብትሰምሩ መስመሩ ተንቤንንና አበርገሌን አቋርጦ በሰቆጣ አናት ላይ ያልፋል።

የታሪክ መጻሕፍቶቻችንም ልክ እንደ አውሮፕላኑ ናቸው። የአክሱም መንግሥት ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ደከመ ይሉናል፤ የገንዘብ ማተሚያው ቆመ፣ የቀይ ባሕር ንግድ ከእጁ ወጣ። ቀጥሎ ምዕራፍ ይዘለልና 12ኛው ክፍለ ዘመን ላይ «የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ተነሣ» ተብሎ ላሊበላ ላይ እናርፋለን። በመካከል ያለው አምስት መቶ ዓመት «የጨለማ ዘመን» ይባላል። ጨለማው የማን ነው? ሰነድ ያጣው የኛ ነው እንጂ የኖሩበት ሰዎች ፀሐይ ወጥቶላቸው፣ አርሰውና ነግደው፣ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ኖረዋል። ንግሥናና ክርስትና ከአክሱም ወደ ሮሐ የወረዱት በዚሁ በአገው ምድር በኩል፣ በእግር ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ከሌሎቹ ቀደም ብለው ይህን ጉዳይ በማስተዋል አገው በኢትዮጵያ መንግሥት አወቃቀር ውስጥ የነበረውን ቦታ ራሱን ችሎ እንዲጠና መንገድ ከፍተዋል። ከእሳቸው በኋላ ግን መንገዱን የተከተለው ሰው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ልጄን ያሰለቻትን፣ እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝን አንድ ሰነድ ላንሣ። ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ የሆነው ጠንጠውድም በሰሜን ትግራይ ለምትገኘው ለኡራ መስቀል ቤተ ክርስቲያን የሰጠው የርስት ጽሑፍ በግእዝ ተጽፎ ደርሶናል። በቅርብ ዓመታት ማሪ ሎር ደራ የተባሉት ፈረንሳዊት የታሪክ ምሁር ይህንንና መሰል ሰነዶችን በሰፊው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ይህ «የሰሎሞን ዘር አይደለም፤ ዙፋን ነጣቂ ነው» ተብሎ የኖረው ንጉሥ ስመ መንግሥቱ ማን መሰላችሁ? ሰሎሞን! እንደ ቀደሙት የአክሱም ነገሥታት ስሙን ከነማዕርጉ አስጽፎ፣ ርስት ሰጥቶ፣ ንግሥናውን እንደ ማንኛውም ሕጋዊ ንጉሥ ይናገራል። «ዛጉዌ» የሚለው ስም እንኳ ነገሥታቱ ራሳቸው በተዉልን ሰነዶች ውስጥ አይገኝም፤ ከእነሱ በኋላ የመጡት የሰጧቸው ነው።

ነጣቂነቱ ከየት መጣ? በ1262 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1270) ዐፄ ይኩኖ አምላክ ሥልጣን ሲይዙ አዲሱ መንግሥት «አዲስ» መባል አልፈለገም፤ «የተመለሰ» መባልን መረጠ። አንድ መንግሥት ተመለሰ ለመባል ደግሞ በመካከል የነበረው ነጣቂ መሆን አለበት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጠናቀቀው ክብረ ነገሥት በመዝጊያው ላይ መጽሐፉ በዛጉዌ ዘመን ያልተተረጎመው እስራኤላውያን ያልሆኑ እንዲነግሡ ስለማይፈቅድ ነው የሚል ምክንያት ይሰጣል። ውድ አንባብያን፣ ይህ ለእኛ ዘመን እንግዳ ነገር አይደለም። በዘመናችን የመጣ መንግሥት ሁሉ ከእሱ በፊት የነበረውን ዘመን በሙሉ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ሲቀብር አይተናል። ልዩነቱ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ነጣቂ ያሏቸውን ነገሥታት ቅዱሳን ብለው ማክበራቸው ነው! ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ላሊበላ፣ ነአኵቶ ለአብ፣ ንግሥት መስቀል ክብራ ሁሉ ገድል ተጽፎላቸዋል። ገድሎቹ የተጻፉትም በሰሎሞናውያን ዘመን ነው። ነጣቂም ቅዱስም መሆን እንዴት ይቻላል ብላ ልጄ ስትጠይቀኝ የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍል እንድትገባ መከርኋት።

ስለ ሥልጣን ሽግግሩ ሁለት ዓይነት ትውፊት አለ። አንደኛው ሰላማዊ ነው። ነአኵቶ ለአብ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አማላጅነት ዙፋኑን በፈቃዱ ለቀቀ፤ በልዋጩም ዘሮቹ ዋግን በዘር እንዲገዙ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር እንዲቀመጡ፣ ነጋሪት እንዲያስመቱ ቃል ተገባላቸው ይላል። ሁለተኛው የመጨረሻው ንጉሥ ይትባረክ በጋይንት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደለ ይላል። እንደ ታሪክ ባለሙያ ሁለተኛው ለእውነት ይቀርባል ባይ ነኝ። እንደ ዋግ ልጅ ግን የመጀመሪያውን አልጥለውም። ስምምነቱ በወረቀት ቢኖርም ባይኖርም ዋግ ሹሞቹ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዚሁ ስም ሰቆጣ ላይ ተቀምጠዋልና። ለሰባት መቶ ዓመት የተከበረ ውል በኢትዮጵያ ታሪክ ስንት አለን?

ዋግ ሹሞቹም በብር ወንበራቸው ተቀምጠው ብቻ አልኖሩም። ዋግ ሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ሲገደሉ ልጃቸው ጎበዜ ሸፈቱ። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስትወድቅ ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ከዛጉዌ በኋላ ከዋግ ቤት የነገሠ ንጉሠ ነገሥት እሳቸው ብቻ ናቸው። የሚያሳዝነው ነገር እሳቸው እንኳ የአባታቸው ሐረግ አልበቃቸውም፤ በእናታቸው በኩል ከጎንደር ነገሥታት መወለዳቸውን ማስታወቅ ነበረባቸው። የጎንደርን ቤተ ክርስቲያናት ማደስ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ የሚስታቸው የድንቅነሽ ወንድም ካሣ ምርጫ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሰም ላይ ድል ነሥተው ማረኳቸውና በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆነው ነገሡ። በብዙ መጻሕፍት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በሁለት ትላልቅ ነገሥታት መካከል የገቡ አንድ ዐረፍተ ነገር ናቸው።

ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ደግሞ ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ በዋግና በላስታ ሕዝቡን አስነሥተው ተዋጉ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች ገድለው ራሳቸውን ቆርጠው ለሕዝብ መሸበሪያ አሳዩ። የአርበኞችን በዓል በየዓመቱ ስናከብር ይህን ስም የሚጠራ ተናጋሪ በጆሮዬ የሰማሁት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም።

እንግዲህ ለባልደረባዬ የጻፍሁለት ዕቅድ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው። ቤተሰቡ ስለሚያነበው ዘርዘር አድርጌዋለሁ፤ ለእናንተም ከጠቀመ እነሆ።

በመጀመሪያው ቀን ላሊበላ ገብታችሁ ዕረፉ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነውና ልጆች ሊደክሙ ይችላሉ። በማግስቱ ማለዳ ሰሜናዊውን ምድብ እዩ። ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ ሠላሳ ሦስት ሜትር የሚያልፍ፣ ከአንድ ዓለት የወጣ ቤት ነው። ጣሪያ ሆኖ የተተከለው ትልቅ የብረት መጠለያ ከዝናብ ለማዳን በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ነው። ያገሬው ሰው መጠለያው ራሱ በነፋስ ወድቆ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳይጎዳ ሰግቶ በ2011 ዓ.ም. አደባባይ ወጥቷል። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን በመጋቢት 2011 ላሊበላ ድረስ መጥተው ለዕድሳቱ እንደሚያግዙ ቃል የገቡትም ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1978 ዓለም በመጀመሪያ ከመዘገባቸው አሥራ ሁለት ቅርሶች አንዱ ሆኖ ሳለ መጠለያውን የሚጠብቅ መጠለያ እንዲያስፈልግ መሆኑ ትንሽ ያሳፍራል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቁ ምድብ ስትሻገሩ ሕንፃዎቹን ብቻ አትዩ፤ ቦዩን፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱን፣ የተዘጋውንና እንደገና የተከፈተውን በር ተመልከቱ። ዴቪድ ፊሊፕሰን የተባሉት አርኪዮሎጂስት እንደነ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ሩፋኤል ያሉት ከላሊበላ ዘመን ብዙ ቀድመው ለሌላ አገልግሎት ተፈልፍለው ይሆናል ይላሉ። የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ደግሞ ከተፈለፈለው ዓለት የወጣውን የፍርስራሽ ክምር መርምረው ቦታው ተደጋግሞ እየተፈለፈለ፣ እየተለወጠ የመጣ መሆኑን አሳይተዋል። ሌሊት ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር የሚለውን ትውፊት የምትወዱ አትከፉ። አንድ ንጉሥ በአንድ ዘመን ሠራው ከማለት ይልቅ ብዙ ትውልድ እየተቀባበለ ሠራው ማለት ለእኔ ተአምሩን ያገዝፈዋል እንጂ አያሳንሰውም። ቤተ ጊዮርጊስን ለመጨረሻ አስቀሩት፤ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል።

በዓል ምረጡ ከተባለ ሁለት ምርጫ አለ። ታኅሣሥ 28 እና 29 ከሄዳችሁ ሕንፃውን አታዩትም፤ ሰውን ነው የምታዩት፤ በቤተ ማርያም ዐጸድ ዙሪያ «ቤዛ ኵሉ» ሲዘመር መስማት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሕንፃውን ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ ሳምንት ምረጡ። አባቴ በየዓመቱ ለልደት ከጋዝጊብላ በእግሩ ይወርድ ነበር። ጾም ስለሆነ ስንቁ በሶና ቆሎ ብቻ ነው። ሁለት ቀን ሄዶ፣ አንድ ሌሊት ቆሞ አድሮ፣ ሁለት ቀን ይመለሳል። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላሊበላን አይቶ ሲጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ እንደ ሰጋ ይታወቃል። አባቴ እንዲህ ያለ ስጋት ኖሮት አያውቅም፤ ለሚነግራቸው ሁሉ ነገሩ የታወቀ ነበረና።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄድ እናንተ ወደ ሰሜን ውጡ። ይምርሐነ ክርስቶስን በጠዋት እዩት፤ በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ በአክሱም ዘይቤ የታነጸ ነው። ከቤተ ጊዮርጊስ ዓለት በፊት እሱን ያየ ሰው ላሊበላ ከአክሱም እንዳልተቆረጠ ያለ አስተማሪ ይገባዋል። ከዚያ በቢልባላ በኩል ወደ ጋዝጊብላ ደጋ ትወጣላችሁ። ገብስና ባቄላ፣ የድንጋይ አጥር፣ ሸንተረር። «ምን አለ እዚህ?» ብላ ልጄ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። መልሴን አዘጋጅቻለሁ፤ መንገዱ ራሱ ነው ያለው። አሞሌ ጨው ከአፋር ወደ ሰቆጣ ገበያ፣ ከሰቆጣ ወደ መሐል አገር የተጓዘው በእነዚህ ሸንተረሮች ነው።

ሰቆጣ ስትገቡ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አለላችሁ። ከዓለት የተፈለፈለ፣ ፊት ለፊቱ ያጌጠ ቤተ ክርስቲያን ነው። በአጠገቡ የዋግ ሹሞቹ አጽም በእንጨት ሣጥን ሆኖ ይገኛል። ሳይፈርስ የቆየ አካል አለ። ሌላ አገር ቢሆን ከተማ የሚያቆም ቅርስ ነው። ነሐሴ 16 የደረሰ ደግሞ ልጃገረዶች ሻደይ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ሲጫወቱ ያያል፤ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ቆቦ ላይ ሶለል የሚባለው ይኸው ነው። በግጥሙ ውስጥ ኽምጣናና አማርኛ ይቀላቀላሉ። እኔ ኽምጣናውን ግማሹን እሰማለሁ፤ ልጄ ምንም አትሰማም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከአንዳንድ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። በቅርብ ዓመታት በማኅበራዊ ሚዲያ «ላሊበላ የእከሌ ሕዝብ ነው» የሚል ጭቅጭቅ በዝቷል። አንዱ ዛጉዌን ለአገው ብቻ ይሰጣል፤ ሌላው አገው የሚለውን ቃል ሳይጠራ ቅርሱን ይወስዳል። ላሊበላ የሚለውን ስም ትውፊት በአገውኛ «ንብ ንግሥናውን አወቀ» ብሎ ይተረጉመዋል። ያው ንጉሥ ስመ መንግሥቱ ገብረ መስቀል ነው፤ የርስት ሰነዱን በግእዝ አስጻፈ፤ ወንዙን ዮርዳኖስ አለው። የትኛውን ቆርጠን የትኛውን እንጥላለን? ከሁለቱም ወገን ይልቅ የጋዝጊብላ አሮጊት ትበልጣለች፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ ትናገራለችና።

ባልደረባዬ ዕቅዱን አንብቦ አንድ ከባድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «አንተ ራስህ ልጆችህን በዚህ መንገድ ትወስዳለህ?» አለኝ። ወዲያው መመለስ አልቻልሁም። ይህ መንገድ ለቤተሰባችን የጉብኝት መንገድ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ዓለም በቢቢሲ ኮረምን ሲያይ እዚያ ከተሰበሰበው ሕዝብ ብዙው ከዋግ በእግሩ የመጣ ነበር። እኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርሁ፤ በእናቴ ጀርባ ላይ ሄጄ በእናቴ ጀርባ ላይ ተመለስሁ። ታላቅ እህቴ እዚያው ቀረች። ኢሕዴን በ1973 ዓ.ም. በዋግ ተራሮች ተመሥርቶ፣ በዚያው ተራራ ተዋግቶ፣ አራት ኪሎ ገባ። ከዚያ በኋላ በ2013 እና በ2014 ጦርነት ሰቆጣ በተፈናቃይ ተሞላች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ መጣ። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን መንገድ አትንገሩኝ» ትል ነበር።

ስለዚህ መልሴ ይህ ሆነ። አራተኛውን ዕቅድ እጽፋለሁ፤ ነገር ግን ቀን አልጽፍበትም። ቀኑን የሚሰጠኝ አስከተማ ያሉት አጎቴ ናቸው። በየሳምንቱ እሑድ እደውልላቸዋለሁ። መንገዱ እንዴት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። «ዛሬ ደኅና ነው» ይሉኛል፤ «ነገን እግዜር ያውቃል»። አንዳንድ እሑድ ደግሞ «ልጄ፣ ትንሽ ቆይ» ይሉኛል፤ ምክንያቱን አልጠይቅም። እናንተም የምትሄዱ ከሆነ ከማንኛውም የጉብኝት ድርጅት ማስታወቂያ ይልቅ እዚያው ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ጠይቁ።

ባለፈው እሑድ ስደውል ልጄ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ አጎቴን አነጋገረቻቸው።

«አያቴ፣ ጋዝጊብላ መጽሐፍ ላይ የለም፤ ለምን?» አለቻቸው።

እሳቸው ሳቁና ምን እንዳሉ ጮክ ብላ ነገረችኝ፤ «እኛ እዚህ ስላለን መጻፉ አላስፈለገም» አሉ።

ከዚያ ስልኩን ተቀበልሁ።

«ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት?» አሉኝ።

«አራት ነን፤ ግን ቀኑን ገና አልቆረጥንም፤ አንቱ ናችሁ የምትነግሩኝ» አልሁ።

«በአውሮፕላን ነው?»

«የለም፣ በመኪና ነው፤ በቢልባላ በኩል።»

ጥቂት ዝም አሉ። «እንግዲያው ከገብሱ ትንሽ ሳልሸጥ ላቆይ» አሉኝ።